የሚተረተር የአንገት ልብስ

ኪሮሽ መሥራት የተማርኩት ለሰው አይደለም፤ ለዕቃ ነው። ልጅ ሳለሁ እኛ ሴቶቹ በእረፍት ሰዓት ከክፍላችን ግድግዳ ሥር ተደርድረን ፀሐይ እየሞቅን ዳንቴል እንሠራ ነበር፤ ለጠረጴዛ፣ ለሶፋ መደገፊያ፣ ለሬዲዮ፣ ኋላም ለቴሌቪዥን። ቤታችን ሶፋም ቴሌቪዥንም አልነበረም። ዳንቴሉ ግን ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ይጠብቃቸው ነበር። ዛሬ ሶፋ አለኝ፤ ዳንቴሉን ግን አላለብሰውም፤ ማጠቡ ይደክመኛል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ብዙ ነገር ይደክመኛል።

የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ትዳሬ ከፈረሰ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለድኩም። ቤቴ ያለችው እናቴ ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ መንኩሳ ቆብ ስለደፋች ጎረቤቱ ሁሉ እማሆይ ይላታል፤ እኔ እንደ ድሮዬ እማዬ እላታለሁ። ዐይኗ ሲደክም ሲደክም ቆይቶ ጨርሶ የጠፋው እስቴ ውስጥ ወንድሜ ዘንድ ሳለች ነው። ወንድሜ ገበሬ ነው፤ ቤቱ ሙሉ ልጅ፣ በረቱ ሙሉ ከብት። ሚስቱ ደግ ሴት ናት፤ ግን ወፍጮው፣ ውኃው፣ አረሙ እያለ ማን የማታይ ሴት እየመራ ይዋል? አንድ ቀን ደጃፍ የታሰረ የጥጃ ገመድ ጠልፎ ጣላት። ሄጄ ይዣት መጣሁ። ያልኩት ለጥቂት ጊዜ ነበር። ጥቂት ጊዜው እየተሳበ ዓመት ዘለለ።

ንጋት ላይ ኪዳን ማስደረስ አለባት። ነፋሱ ነጠላችንን እየገፈፈ እጇን ይዤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እወስዳታለሁ። መልሼ አመጣትና የምትቀምሰውን አስቀምጬ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ። ቀን ቀን ጎረቤቴ ብቅ እያለች ታያታለች። ከሰዓት ስመለስ ቧንቧው መጥቶ ከሆነ ውኃ መቅዳት፣ ወጥ መሥራት፣ ልብሷን ማጠብ፣ ሽንት ቤት መውሰድ፣ መመለስ፣ እንደገና መውሰድ ነው። ሰዎች እናትን መጦር ጽድቅ ነው ይሉኛል። ጽድቅነቱን አልክድም። ጽድቅ ወገብ እንደሚያሳምም ግን የነገረኝ የለም።

ወንድሜ ለገበያ ወደ ወረዳው ከተማ መካነ ኢየሱስ ሲወጣ፣ ኔትወርክ ካለ፣ ይደውላል። የዝናቡን፣ የገብሱን፣ የላሚቱን ነገር ከጨረሰ በኋላ አንድ የማይቀር ጥያቄ አለችው፤ እማዬን መቼ ልውሰዳት? ከልቡ ነው የሚጠይቀው። እናቱን ሴት ልጅ ላይ ጥሎ ተቀመጠ እንዳይባል የሀገሩን ሰው አፍም ይፈራል። እኔም እውነቱን ልናገርና፣ አንዳንድ ቀን "ና ውሰዳት" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለስ ነበር። እሷ ደግሞ የምታወራው ስለ ደብሯ፣ ስለ አባቴ መቃብር፣ ከሰንበቴ ጓደኞቿ ማን እንዳለች ማን እንደሞተች ነው። ልቧ እዚያ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። በዚያ ዓመት በቤታችን የነበረው ነገር እንግዲህ ይኸው ነው፤ እናቴ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች ወይስ ትሄዳለች?

በጥቅምት፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ማደር ሲጀምር፣ እናቴ ከኪዳን ስትመለስ ድምፅዋ እየተዘጋ አስቸገረ። አንገቷ ባዶ ነው። ነጠላ የንፋስ መውጫን ነፋስ አይመልስም። ያን ሰሞን ወንድሜ ደወለ፤ ስልኩን ለሁለታችንም እንዲሰማ ከፍቼ በመካከላችን መደቡ ላይ አስቀመጥኩት። የተለመደችዋን ጥያቄ ጠየቀ። ከሥራ የገባሁት ገና ያኔ ነበር፣ እግሬ አብጧል፣ የመከራከር አቅም የለኝም። "መጀመሪያ የአንገት ልብስ ልሥራላት። እሱን ልጨርስና እንነጋገራለን" አልኩት። ከጥያቄው ለማምለጥ ያህል የተናገርኩት ነው። ወንድሜም ጥር ላይ፣ ውድማውን ከጨረሰ በኋላ፣ እንደሚመጣ ነግሮኝ ዘጋ። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ መቁጠሪያዋን ታንቀሳቅስ ነበር። 

ክሩን መረጥኩ። ለመነኩሴ ቀይና አረንጓዴ አይሆንም፤ የአመድ መልክ ያለው፣ የኛ ሰው በቅሎ ላይ ሲያየው ዳለቻ የሚለውን ወሰድኩ። ዳታ በመጣ ጊዜ ስልኬ ላይ ያወረድኩት አንድ ቪዲዮ ነበር። አንዲት ሴት ክሩን በአንዲት ቀዳዳ ደጋግማ እያስገባች እያወጣች በመጨረሻ ሁሉንም ባንድ ላይ ትቋጥረዋለች፤ እዚያች ቦታ ላይ ሽንብራ የምታህል ጉብታ ትቀራለች። ጉብታው በየረድፉ ሲደጋገም ልብሱ ወፍራም ይሆናል፣ ሙቀት ይይዛል። ሙቀቱ አንድ ነገር ነው። እኔ ግን የመረጥኩት ለጣቷ ብዬ ነው። የማታይ ሴት ጌጥ ብሠራላት ማን ሊያይላት? ጣቷ የሚያየው ነገር ይሁን አልኩ። የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ዕድሜዬ ከስልክ ላይ ኪሮሽ ስማር አይተው ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እያሉ ቀለዱብኝ። ልክ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሙከራዬ የታነቀች ዶሮ ይመስል ነበር።

እጄ እስኪለምድ ጊዜ ወሰደ። ከለመደ በኋላ ግን ሥራው ደስ ይላል ብዬ አልዋሽም። ጉብታ ያለው ነገር ክር ይበላል፣ ጊዜ ይበላል፣ አውራ ጣትን ያደነዝዛል። እኔ የምሠራው ራት ከተበላ በኋላ ነው፤ ዐይኔ እየተከደነ። እናቴ ከጎኔ ትቀመጥና የደረሰበትን ታስጠይቀኛለች። አቀብላታለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ትዳብሰዋለች፣ ከዚያ በስንዝሯ ትለካዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የበግ ጠጉር ስትፈትል የኖረች ሴት ናት፤ ጣቷ ክር ያውቃል። ቸኩላለታለች ብዬ አሰብኩ። ብርዱ በርትቶባታል፣ ምስኪን፣ ልፍጠንላት አልኩ።

መጀመሪያ የተነሣው የመስቀሉ ነገር ነው። ጫፉ ላይ ጉብታዎቹን በመስቀል ቅርጽ ደርድሬላት ነበር። እኔ ደግሞ ይኼን ያህል ብልሃት ካወጣሁ በኋላ እንድትመርቀኝ ጠበቅሁ። ጣቷ እዚያ ሲደርስ ቆመ። ዞረ። እንደገና ዞረ።

"ይኸ መስቀል ነው?" አለችኝ።

"አዎ፣ ላንቺ ብዬ ነው" አልኳት።

እሷም ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ብርድ ሲይዛት አፍንጫዋን የምታብሰው በአንገት ልብሷ ነው፤ ሽንት ቤት ስትገባ አብሯት ይገባል፤ ስትተኛ ከሥሯ ይሆናል። መስቀልን እንዲህ ታደርጋለች? እውነቷን ነው። እኔ ስሠራ የታየኝ ስትሳለመው እንጂ ስታስነጥስ አልነበረም። መስቀሉ ያለው መጀመሪያው ረድፍ አካባቢ ስለሆነ፣ እሱን ለማጥፋት ሁሉንም መተርተር ነበረብኝ። ክሩን ስስበው ጉብታዎቹ ጠስ ጠስ እያሉ ይፈታሉ። የብዙ ማታ ሥራ ባንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ወደ ልቃቂት ተመለሰ። አልተናደድኩም። የመጀመሪያው ነበራ።

እንደገና ጀመርኩ። ግማሽ ያህሉ እንደደረሰ አንድ ማታ ስንዝሯን ዘረጋችና ፊቷ ተለወጠ።

"ትናንት እዚህ ነበረ። ዛሬ እዚህ ደርሷል። ዛሬ ደግሞ ማርያም ናት" አለች።

ወሩ በገባ በሃያ አንደኛው ቀን መሆኑን ረስቼዋለሁ። በኛ ሀገር በማርያም ቀን አይታረስም፣ አይፈተልም፤ በዓል የሻረች ሴት ያለችበት መንደር ላይ በረዶ ይወርዳል። በውድማ ያለ የሰው ገብስ ያለ ወራቱ በመጣ ዝናብ ከተበላሸ ሽማግሌዎቹ ማን ሻረ ብለው ያጣራሉ። ይኼን አውቃለሁ። ግን ኪሮሽ እንደ መፍተል ይቆጠራል ወይ? እኔ አይቆጠርም አልኩ፤ ቁጭ ብሎ የሚሠራ የእጅ ጨዋታ ነው። እሷ ክር እስከነካ ድረስ ሥራ ነው አለች። ታዲያ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳስተምር መዋሌስ አልኳት። እሱ የመንግሥት ነው፣ ዕዳውም የመንግሥት ነው ብላ ዘጋችኝ። ጎረቤቴ መጥታ ዳኝነት ስትጠየቅ ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው ብላ ከነገሩ ወጣች። የማርያምን ቀን ሥራ ተረተርኩ። ወንድሜ ውድማ ላይ ያለውን ገብስ አስቤ እንጂ አምኜ አይደለም።

ቀጥሎ ጠበበ አለች። አንገቴን ያንቀኛል አለች። ለካሁት፤ አልጠበበም። አንገቷ ላይ ጠምጥሜ ከሥሩ ሁለት ጣት አስገብቼ አሳየኋት። እሷ ግን ይጠባል ብላ ድርቅ አለች። እንደገና ከሥር ተነሥቼ ሰፋ አድርጌ ጀመርኩ። ኅዳር እንዲህ አለቀ፤ የነቢያት ጾም ከገባ ሰንብቷል። እሷ እህል የምትቀምሰው ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ፣ ሰውነቷ ሲከሳ አያለሁ። እኔም በፈተና ወረቀት እርማት ታፍኛለሁ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ እንደሚባለው፣ ሳይጨመርብኝም ደክሞኛል።

ሰፊው የአንገት ልብስ ከግማሽ አለፈ። አሁንስ ምን ታገኝበት ይሆን ስል፣ ጉብታው መቁጠሪያዬን ይይዝብኛል አለች። ስትጸልይ መቁጠሪያዋ ከጉብታው ጋር እየተጠላለፈ አሳቧን ይበትነዋል። ስለዚህ ጉብታው ይቅር፣ ልሙጥ ይሁን። ልሙጥ! ለጣቷ ብዬ ስለፋ የከረምኩበት ጉብታ!

ያን ጊዜ ተቆጣሁ። ኪሮሹን መደቡ ላይ ጣልኩና በቃኝ አልኳት። ከፈለግሽ ሱቅ ሄጄ የተሠራ እገዛልሻለሁ፣ ካልፈለግሽም በባዶ አንገትሽ ሂጂ፣ እኔ ሰው እንጂ ማሽን አይደለሁም አልኳት። ሌላም ብዙ ተናገርኩ፤ ማታ ማታ ዐይኔ እንደሚቃጠል፣ ጠዋት ተነሥቼ ልጆቹ ፊት ስቆም ጥቁር ሰሌዳው እንደሚዞርብኝ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣችም። "እንግዲያው ተይው" አለች በለስላሳ ድምፅ። "ምን ያደርጋል፣ ተይው፤ ነጠላዬ ይበቃኛል።" ያን ቀን ማታ ከወትሮው ደኅና አድርጋ በላች። ስለ ልጅነቴ ቀልድ ሁሉ አወራችልኝ። እኔ ግን ውስጤ አረረ። ይኼን ያህል ጊዜ ሲያስለፋኝ የቆየ ነገር ስለቀረ እንዲህ የምትደሰት ከሆነ መጀመሪያውኑስ ለምን ዝም አላለችም?

ታኅሣሥ ሲጋመስ ሳሏ ደረቷ ውስጥ ወረደ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ቆማ ትስላለች፣ እኔ ክንዷን ይዤ ነፋሱን በጀርባዬ እከልላለሁ። ጎረቤቴ አንድ ቀን በሩ ላይ ጠራችኝና እማሆይ አንገታቸው ላይ አንድ ነገር ይደረግ እንጂ አለችኝ፤ እኔ ያልሞከርኩ ይመስል። ከሱቅ የገዛሁላትን ሻርፕ ለበሰችው እንዳልል፣ ለሌላ ለተቸገረች መነኩሴ ሰጥታዋለች። ብገዛ ብሰጥ ዋጋ የለውም። ግትርነት በቤታችን የዘር ነው፤ እሷ ግትር ከሆነች እኔም የሷ ልጅ ነኝ።

ሥራውን ወደ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። በእረፍት ሰዓት፣ ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ሰዓት፣ ከመምህራን ማረፊያው ጥግ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ። ቤት አላስገባውም። በስንዝር የሚለካ፣ ቀን የሚቆጥርበት የለም። ጉብታውንም አልተውኩትም፤ ስትጸልይ ታወልቀዋለች ብዬ ወሰንኩ። በዓል ቀን አልነካሁትም። መስቀል የለውም። አይጠብም። ከዚህ በኋላ የምታወጣለት ስም ካለ እሰማዋለሁ ብዬ ዛትኩ፤ ከፍቅር ይልቅ እልህ እንደነበረበት አልደብቅም።

ገና አልፎ ጾሙ ሲፈታ ሊያልቅ ተቃረበ። የቀረው ዘርፉ ነው፤ በሁለቱ ጫፍ የሚንጠለጠለው። አንድ ማታ ቤት ይዤው ገባሁና ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ነገ ዘርፉን አስገባና አለቀ አልኳት።  ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰችው፣ ጉብታዎቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው። ከዚያ "እጅሽ ይባረክ" አለችኝ። ሌላ ምንም አላገኘችበትም። መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና አሸነፍኩ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ መደቡ ላይ አልነበረችም። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጫማዋን አድርጋለች፣ ቆቧን አስተካክላለች፣ ዘንጓ በጉልበቷ መካከል ቆሟል። ከእግሯ ሥር ጓዟ በነጠላ ተቋጥሯል። ጎረቤቴን ለምና አስቋጥራ ነው። ጎረቤቴ ወንድሜ እየመጣ መስሏት እሺ ብላ ቋጥራላታለች።

"ወንድምሽ ዛሬ ነው የሚመጣ ወይስ ነገ?" አለችኝ የእግሬን ኮቴ ስትሰማ።

ማን ይመጣል እንዳላት ጠየቅኋት።

"ልብሱ አለቀ አላልሽም? ልብሱን ስትጨርሺ እንደምትነጋገሩ ተናግረሻል፣ ጆሮየ ሰምቷል። እናት ልጇ ዘንድ ሰንብታ ስትሄድ አልብሶ መሸኘት ያለ ነው። እኔም እናቴን አልብሸ ሸኝቻለሁ። ክፉ ነገር አላደረግሽም።"

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቆምኩ። በሀገራችን እንግዳ የሆነችን እናት አዲስ ልብስ ማልበስ ማለት ደኅና ግቢ ማለት ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ስል አድጌ፣ ማንንም አልብሼ ሳልሸኝ፣ ይኼ ከአሳቤ ጠፍቷል። እሷ ግን ከጥቅምት ጀምሮ በየማታው ከጎኔ ቁጭ ብላ በስንዝሯ ስትለካ የነበረው፣ ከቤቴ የምትወጣበት ቀን ስንት እንደቀረው ነው።

"መስቀሉ እውነት ነው" አለች። "የማርያሟም እውነት ነች። አይጠብም ነበር፤ መቁጠሪያየንም አልያዘብኝም። እንዳያልቅብኝ ብየ ነው። ላንች መልፋት አላዘንኩልሽም። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ስግደት ሰጥተውኛል።"

ታዲያ ስለ ደብሯ፣ ስለ አባቴ መቃብር ጠዋት ማታ የምታወራው ምን ነበር አልኳት። የራቀ አገር አይወራም እንዴ፣ አለችኝ፤ ሰው የሚያወራው የሌለበትን ነው። እዚያ ሄዳ የማንን እጅ ትይዛለች? የምራቷን ሥራ እያስፈታች፣ በልጆቹ እግር እየተረገጠች? ደግሞም መጠየቅ አልፈለገችም። እኔን አስቀሪኝ ማለት ለእናት ከባድ ነው፤ ልጅ እንቢ ካለች ሁለቱም በምን ዐይን ይተያያሉ?

"ደክሞሻል" አለች። "ኮቴሽን እሰማዋለሁ። ድሮ ስትገቢ እግርሽን ታነሺው ነበር፤ አሁን ትጎትችዋለሽ። በኔ ነው።"

አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አልደከመኝም ልላት ፈልጌ ነበር፤ ያን ያህል ጊዜ ኮቴዬን ስታዳምጥ የኖረች ሴት ግን አታምነኝም። "ደክሞኛል፣ እማዬ" አልኳት። "በጣም ደክሞኛል። ነገም ይደክመኛል። ግን አትሄጂም። ልብሱን የሠራሁት ስለበረደሽ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።"

 የቤቱ ቆርቆሮ በነፋሱ ይንኳኳል። ዘንጓን ቀስ ብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

"ማርያምን በይ" አለች።

"ማርያምን።"

"እንግዲያው አምጭው፣ ልጄ። ብርዱ ጨርሶኛል።"

ዘርፉ እንኳ አልገባለትም። ከቦርሳዬ አወጣሁት፤ አገጯን ቀና አደረገችልኝና አንገቷ ላይ ጠመጠምኩላት። ስጠመጥም ጣቴ ቆዳዋን ነካው። በረዶ ነው። ብርዱ ከገባ ጀምሮ በየማታው፣ የሚያሞቃት ነገር እጇ ላይ እያለ፣ እንደዚህ ሆና ነው ከጎኔ የተቀመጠችው።